ለክቡር የቸርችል ጎዳና የፍሳሽ ፍርግርግ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዱላ ስለ መዋጥዎ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ክረምት ከበጋ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባና ፌስታል ሲውጡ ከርመው ሆድዎ ስለተነፋ ውሃ አልወርድልዎ እንዳለ ሰምተናል። እግዜር ይማርዎ።

ባለፈው እሑድ ጎዳናው ለመኪና ተዘግቶ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከእኛ አንዱ ባለጎማ ስኪውን ተጫምቶ ይወርዳል። ዕቃውን ላያውቁት ይችላሉና እናስረዳ። ስኪ በረዶ ላይ ለመንሸራተት በየእግሩ የሚታሰር ረጅምና ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ባለጎማው ግን አስፋልት ላይ እንዲሄድ እያንዳንዱ ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ጎማ አለው፤ የጎማው ቁመት 100፣ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ። ፍሬን ብሎ ነገር የለውም። የሚቆመው ተረከዝን ወደ ውጭ ከፍቶ በመግፋት ነው፤ እሱ አልበቃ ካለ ወደ ሣር በመውጣት። ሣሩ ያለው መንገዱ ዳር ነው። መንገዱ ዳር ማን ተኝቷል? እርስዎ።

ጎማው ለጥቂት አለፈዎት። በየእጁ ይዞ መሬት እየገፋ የሚሄድበት ዱላ ግን አላለፈም። የበረዶ ዱላ እንዳይሰምጥ ጫፉ አጠገብ ሰፋ ያለ ሰሐን አለው፤ የአስፋልቱ ዱላ ግን መስመጥ ስለማያሰጋው ሰሐኑ ትንሽ ነው ወይም ጭራሹኑ የለም፣ ጫፉም አስፋልት እንዲነክስ በጠንካራ ካርባይድ የተሠራ ነው። (መስመጥ አያሰጋም ያለው አምራች ቸርችልን አላያትም።) ያ ጫፍ በሁለት ብረቶችዎ መካከል ሰተት ብሎ ወረደ። የካርቦን ዱላ ከላይ ሲጫኑት ጉድ የሚያሰኝ ጥንካሬ አለው፤ ወደ ጎን ሲጎብጥ ግን እንደ ሸንኮራ ቀሽ ይላል። እጅ ደግሞ በማሰሪያው ውስጥ ስለሚታሰር ዱላውን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ሰውየው ወደ ለገሃር ሲሄድ ቀኝ እጁ ማዘጋጃ ቤት ልቅር አለ። ቀሽ። በመቀመጫው አስፋልቱ ላይ።

ሊስትሮዎቹ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አንድ አባት ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ እግርህ ደህና ነው?» አሉት።

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ በሁለት ከዘራ ምን አስኬደህ?»

በዚህ አገር ዱላ የሚቀምሰው ጥፋተኛው ነበር። እርስዎ ጥፋቱንም ሠሩ፣ ዱላውንም ቀመሱት።

ከዚያ ደግሞ የተለመደው ጥያቄ፦ «በረዶው የታለ?» ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ሲወዳደር፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ሲደግመው ይኸው ጥያቄ ነበር። በረዶ ባይኖረንም ከፍታው አለን። ስዊዘርላንድ ኢንጋዲን ሸለቆ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ስመ ጥር የስኪ ማራቶን የሚካሄደው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፒያሳ ቆሞ ቡና የሚጠጣ ሰው ከእነሱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል።

አቤቱታ ለማስገባትም ተሞክሮ ነበር። ቅጹ የተሽከርካሪ ዓይነት ይጠይቃል። «ጎማ አለው?» «አራት።» «ሰሌዳስ?» «የለውም።» «እንግዲያው እግረኛ ነው። እግረኛ ከሆነ መኪና መንገድ ላይ ምን አደረሰው?» ሦስት ቅጂ፣ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር። ከዚያ ሲስተም ሄደ።

ለመሆኑ በአልፕስ ስላለው ቦይ ሰምተው ያውቃሉ? ባለገንዘቡ በገመድ ወንበር ወደ ተራራው ተጎትቶ ቁልቁል ሲንሸራተት፣ አገር አቋራጩ ስኪ ሸለቆው ሥር ጸጥ ብሎ ይሄዳል። (ጃንሜዳ ውድድር ያየ ሰው አገር አቋራጭ ሲባል ሳንባው ይገባዋል።) ማታ ሰው ሲተኛ ማሽን ይመጣና በረዶውን ፈጭቶ፣ ደልድሎ፣ ጥንድ ቦይ ያወጣለታል፤ በማታ የሚሆነው የተፈጨው በረዶ እስኪነጋ እንዲጠነክር ነው። ቦዩ ስኪ እንዲገባበት የተሠራ ነው። እርስዎም ቦይ ነዎት፣ ስኪም ይገባብዎታል፤ ልዩነቱ አለመውጣቱ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ግን ቁልቁለቱ በርትቶ መታጠፊያ ሲመጣ ነው። እዚያ ላይ ሹፌሩ የቦይ ማውጫውን ከፍ ያደርጋል፤ ሰው እግሩን ከፍቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ መሬቱን ልሙጥ አድርጎ ይተውለታል። ማለት፣ አንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ሌሊት፣ በብርድ፣ ነገ የሚያልፈውን የማያውቀውን ሰው አስቦ አንድ እጀታ ይስባል። እርስዎ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ፍጥነት በሚበዛበት ቦታ መተኛትዎን አንወቅስም፤ ውሃ የሚጠራቀመው ዝቅ ካለው ነው። ቅሬታችን አተኛኘትዎ ላይ ነው። ብረቶችዎ መንገዱን ተከትለው ተጋድመዋል፤ ጎማ በሚሄድበት፣ ዱላ በሚሳብበት አቅጣጫ። አግድም ቢሆኑ ውሃውም ይወርድ ነበር፣ ጎማውም ይሻገር ነበር።

የስኪ ዱላ ይሁን ግዴለም፤ ሰውየው የራስ ቁር አጥልቆ፣ ወዶ ነው የወጣው። የዓይነ ሥውሩ ነጭ በትርስ? ጫፉ ከእኛ ዱላ ብዙም አይወፍርም፣ መሬቱን እየዳሰሰ ይመጣና ያንኑ ክፍተት ያገኛል። እሱን እንዲመራ የተነጠፈው ቢጫ ንጣፍ መርቶ መርቶ ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚያላትመው አንሶት! መብራት በጠፋ ምሽት ልጅ አዝላ የምታልፍ እናት እግሯን ስታስገባብህስ? አንተ ብረት ነህ፣ አታፍርም። ያስቀመጠህ ሰው ግን ዓይን ነበረው። 90 ዲግሪ ማዞር ሳንቲም አያስወጣውም ነበር። አላዞረም፤ የተረከበውም አይቶ ፈረመ።

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠን።

ክፈፍዎ ጎኑ ሁሉ እኩል ከሆነ ሕክምናው የግማሽ ሰዓት ነው፦ ሁለት ሰው፣ አንድ ድጅኖ፤ ፈንቅሎ ማዞርና መመለስ። መቀመጫው ላይ ያለው ጭቃ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ካልተጠረገ ይነቃነቃሉ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ይጮኻሉ፣ ኋላም ይሰበራሉ። ጎንዎ እኩል ካልሆነ ጠፍጣፋ ብረት በአግድም፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይበየድብዎ። ነጥብ ነጥብ ብቻ ከተበየደ የመጀመሪያው አይሱዙ ያረግፈዋል፤ በሁለቱም ወገን ሙሉ ይሁን። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ከሆኑ ተራ ብየዳ አይይዝምና በሌላ መቀየር ነው። በአንድ ጎን ማጠፊያ ደግሞ ቢገጠምልዎ ሌሊት ተነሥተው አይጠፉም።

እስከዚያው የተሰበረው ዱላ ግማሽ እዚያው ጉሮሮዎ ላይ ቆሟል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ደግ ሰው ቀይ ፌስታል አሰረበት። ከጎንዎ ባለው ክፍት ጉድጓድ ላይ ከተሰካው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እሱ ይሻላል፤ አይደርቅም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቁራሌው (ሲወስዷቸው ዱላዋን አደራ)