ከሰማይ የሚታይ ስታዲየም

እኛ አገር ስታዲየም ሁለት ጊዜ ይመረቃል። መጀመሪያ የሚመረቀው ሥዕሉ ነው። በኮምፒውተር የተሠራ፣ ከአሞራ ከፍታ የታየ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ ዙሪያው በሙሉ ለምለም የሆነ ምስል በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። ሁለተኛው ምረቃ የሕንፃው ነው። እሱ እንደ ሥዕሉ አይቸኩልም።

እኔ ሥዕሉን ቀረብ ብዬ መመርመር እወዳለሁ። በውስጡ የሚንሸራሸሩት ሰዎች የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ እስካሁን አልገባኝም። ሁሉም ረጃጅሞች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ሱሪ ለብሰዋል፤ ፊኛ የያዘ ሕፃን እያስከተሉ ወደ በሩ ሲያመሩ የሚጋፋቸው የለም። ሰልፍ የለም። ቆሎ ሻጭ የለም፤ ሎተሪ አዟሪ የለም፤ ጠጋ ብሎ “ትኬት ፈልገህ ነው?” እያለ የሚያንሾካሹክ ጎረምሳ የለም። መኪና ማቆሚያው ላይ “ልጠብቅልዎት ጋሼ” የሚል ልጅ እንኳን መሣል ተረስቷል። ሐምሌ የሚባል ወር ከዘመን መቁጠሪያው ስለተፋቀ ዝናብ የሚሸሽ አይታይም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ስድሳ ሺህ ሰው ተሰብስቦ አንድም ሰው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቅ አለመታየቱ ነው። ሣዩ ሰማይ ላይ ሆኖ ስለሣለ ሽንት ቤቱን አላየውም፤ ስላላየውም አላሰበውም።

ሥዕል ያለ ትርጉም አይቀርብም። ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ኳስ መጫወቻ ብቻ ከሆነ እንደ ድሃ ያስቆጥራል፤ ስለዚህ አንድ ነገር መምሰል አለበት። በቦሌ የሚሠራው አደይ አበባ ስታዲየም ለምሳሌ ስሙ አበባ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፈው የመጀመሪያው ዲዛይን ሲብራራ ደግሞ ቅርጹ የቡና ፍሬን፣ የውጭ ልባሱ የመሶብን ስፌት እንዲያስታውስ ተደርጎ የታሰበ እንደሆነ ተነግሮናል። ቡና አለ፤ መሶብ አለ፤ አበባ አለ። የጎደለው የሚጎዘጎዘው ሣር ብቻ ነው። ኳስ የሚባለው ነገር ደግሞ በአጋጣሚ የሚንከባለለው በዚያው በጎደለው ነገር ላይ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ያ ዲዛይን አንድ እጅግ ብልህ ሐሳብ ነበረው። ሜዳው ወደ መሬት ጠለቅ ብሎ እንዲገባ፣ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈርም ዙሪያውን ለመቀመጫዎቹ መደገፊያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። አፈሩን በገልባጭ መኪና ከከተማ ማውጣት ቀረ፣ ሕንፃው ወደ ሰማይ መንጠራራቱ ቀነሰ፣ ወጪውም በዚያው ልክ ቀለለ ማለት ነው። የጥንቶቹ ግሪኮች ኮረብታ እያዩ መቀመጫ ሲቀርጹ ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ሐሳብ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ጉድጓድ ከሰማይ ሲታይ አያምርማ!

አደይ አበባ የሚፈነዳው በመስከረም ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ጠንቃቆች መሆናቸው የሚታወቀው የየትኛው ዓመት መስከረም እንደሆነ አለመናገራቸው ላይ ነው። ግንባታው የተጀመረው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቻይና ተቋራጭ ገብቶበት 62,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም እንደሚሆን ተነገረን። ከዚያ ወዲህ መስከረም በየዓመቱ ሳያሰልስ ጠብቷል። በ2017 ዓ.ም. ሲጠባም የጋራው አደይ ቀጠሮውን አክብሮ ወጣ፤ የቦሌው ግን ገና እንቡጥ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ያለፈ ሕፃን ዛሬ የታዳጊ ቡድን ይመዘገባል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ደቡብ አፍሪካውያን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የጆሃንስበርጉን ትልቅ ስታዲየም ቅል አስመስለው አደሱት። ኳታሮች ለ2022ቱ አንዱን ስታዲየም በወንዶች ቆብ፣ ሌላውን በድንኳን አምሳል ሠሩ፤ ሌላውን ደግሞ 974 የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮች ደርድረው አቆሙትና ኮንቴይነር መምሰሉን አልደበቁም። ልዩነቱ ቅሉም ቆቡም ድንኳኑም ውስጣቸው ውኃ የሚያወርድ ቧንቧ ያላቸው መሆኑ ነው።

ቧንቧ ያልኩት በምክንያት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚልከው መርማሪ በሰማይ አይመጣም። አውሮፕላኑን ከወረደ በኋላ በእግሩ ነው የሚሄደው። ደብተሩን ይዞ በር ይከፍታል፤ የመልበሻ ክፍሉን ስፋት ያያል፤ ቧንቧ ያዞራል፤ ወንበር ይነቀንቃል፤ መብራቱን በመሣሪያ ይለካል፤ ሣሩን ጎንበስ ብሎ ይዳስሳል። “ጌታዬ፣ ይህ እኮ ከላይ ሲታይ...” ቢሉት ደብተሩ ውስጥ “ከላይ ሲታይ” የሚል ዓምድ የለም።

በዚህ ዓይነት ምርመራ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባህር ዳር ስታዲየም ታገደ። የአዲስ አበባው ቀድሞ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ውጭ ሆኖ ስለነበር ብሔራዊ ቡድናችን ቤት አልባ ሆነ። እንግዳ ተቀባይነታችንን ለዓለም ስንናገር የኖርን ሕዝቦች እንግዶቻችንን በሰው ቤት መቀበል ጀመርን። ጋናን የጋበዝነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ አንድ እኩል ተለያየን። ግብፅን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ድረስ ጠርተን 2 ለ 0 ሸኘናት። ቡርኪና ፋሶን በሞሮኮ አስተናገድን፤ 3 ለ 0 ተሸነፍን፤ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ድግስ የወጣልን አይመስለኝም። ይህን የምታደርገው አገር ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና ያንኑ ኮንፌዴሬሽን የመሠረተች፣ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት ያስቀመጠች መሆኗን ሳስብ መርማሪው ቢያንስ ጫማውን በር ላይ ማውለቅ ነበረበት እላለሁ።

የክልል ከተሞችም አልሰነፉም። ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ግዙፍ ስታዲየም ጀመሩ። እንደ ሠርግ ድንኳን ነው፤ የጎረቤቱ ሃምሳ ሺህ ከያዘ የእኛው እንዴት ሃያ ሺህ ይያዝ! ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ፣ መቀመጫው የተሟላ፣ ሻወሩ የሚሠራ ስታዲየም ሪባን ቆርጦ የሚመርቅ ባለሥልጣን ቢገኝ እኔ ራሴ መቀሱን በትሪ ይዤለት እቆማለሁ።

ስለ ዲዛይን ካነሣን የሩጫውን መም መዝለል አይቻልም። ትልልቆቹ ስታዲየሞቻችን ሜዳውን በመም ይከብባሉ። ምክንያቱን ማንም ያውቃል፤ ወርቅ የሚያመጡት ሯጮቹ ናቸው፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ሰበብ ነው የሚያመጡት። ስለዚህ ደጋፊው ከስምንት መስመር መም ወዲያ ማዶ ተቀምጦ፣ ኳሱን ለማየት ሳይሆን ኳሱ የት እንደደረሰ ከተጫዋቾቹ አሯሯጥ ለመገመት ተለማምዷል። ባለሙያዎች ሜዳ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ ይላሉ፤ ግብ ጠባቂው ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር እንዳይፋጠጥ ነው። ለግብ ጠባቂው ይህን ያህል ሲታሰብለት ካታንጋ በሚባለው ጣሪያ የለሽ መቀመጫ ላለው ተመልካች ማን አሰበለት?

አሮጌው የአዲስ አበባ ስታዲየም ይህን ጥያቄ በቀጥታ መልሶት ነበር፤ ማንም። ጥላ ያለው ጥላ ፎቅ ነው፤ ዋጋውም እንደ ጥላው ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ እያልን የሰየምናቸው ቦታዎች ጣሪያቸው ሰማይ ነበር። ሕዝቡ የራሱን ዲዛይን በጋዜጣ ሠራ። የስፖርት ጋዜጣ ይገዛል፤ ጨዋታው እስኪጀመር ያነበዋል፤ ሲጀመር አጥፎ ይቀመጥበታል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ከሥሩ አውጥቶ ቆብ ይሠራበታል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ቀዳዶ ይበትነዋል። ይህን ሁሉ አገልግሎት በአንድ ወረቀት የሰጠ አርክቴክት እስካሁን አልተወለደም።

በእርግጥ ያ ስታዲየም ምንም አይመስልም ነበር። ቅልም ቆብም አበባም አይደለም። ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እዚያ ነው። ትልቁ ሀብቱም ቦታው ነበር። አንድ ወገኑ መስቀል አደባባይ፣ ሌላው ለገሃር። ከየትኛውም ሰፈር የተነሣ ታክሲ ረዳቱ “ስታዲየም! ስታዲየም!” እያለ ይወስድሃል፤ ቀላል ባቡሩም በስሙ ፌርማታ አቆመለት። ትኬት መግዣ ያጣ ሰው ለገሃር ቆሞ በጩኸቱ ብቻ ውጤቱን ያውቅ ነበር። ፊሽካው ተነፍቶ ስትወጣ ከደረጃው ሥር ምግብ ቤት አለ፣ የጫማ መደብር አለ፤ ተሸንፈህ ከወጣህም ቢያንስ ጫማ ትለካለህ።

አሁን ትልቁ ክርክር አዲስ ስታዲየም ሲታሰብ የት ይሁን የሚለው ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ ካነሣችሁ የተላጨው ሰው ጭምር አይወጣም።

“ከከተማ ውጭ መሆን አለበት” አለ አንዱ ግማሽ ፂሙ በሳሙና እንደተለወሰ። “ሰፊ ቦታ፣ ንጹሕ አየር።”

“ንጹሕ አየር ለመሳብ ነው እንዴ የምንሄደው?” አሉ ተራ የሚጠብቁ አዛውንት። “ጨዋታው ማታ ሁለት ሰዓት ቢያልቅ በምን እመለሳለሁ? ልጄ፣ እኔ ከካታንጋ በእግሬ ቤቴ እገባ ነበር።”

“ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ ሰፈር ይሠራ?”

“ኧረ በፍጹም! ጡሩምባ በጆሮዬ ሊነፉብኝ ነው?”

አዛውንቱን አልወቅሳቸውም። ከእሳቸው ሰፈር ሁለት ሰፈር እልፍ ብሎ፣ ጩኸቱ የማይሰማበት፣ ግን በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ እንዲሠራ የማይፈልግ ሰው በከተማችን የለም። ችግሩ ሁላችንም የምናወራው ስለዚያው ቦታ መሆኑ ነው። በዚህ መሐል የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መጫወት ስለለመዱ የአዲስ አበባ ደጋፊ ቡድኑን ባብዛኛው የሚያገኘው ሶፋው ላይ ነው። ቦታው ምቹ ነው፤ ጥላም አለው፤ ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። አዲሱ ስታዲየም መወዳደር ያለበት ከሌላ ስታዲየም ጋር ሳይሆን ከዚህ ሶፋ ጋር ይመስለኛል፤ በሥዕሉ ላይ ስለዚህ ምንም አልተባለም።

የቦታ ነገር ከተነሣ የደላሎችን ያህል አርቆ የሚያይ የለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ፍላጎቷን በይፋ ከገለጸች በኋላ፣ ቦሌ አካባቢ የሚከራይ ክፍል የምትፈልግ የእህቴን ልጅ ተከትዬ አንዱን ደላላ አገኘን። ክፍሏ ጠባብ ነች፤ መስኮቷ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ኪራይዋ ግን የዋንጫው ፍጻሜ ነገ የሚደረግ አስመስሎታል።

“ከስታዲየሙ አምስት ደቂቃ ነው” አለ ደላላው።

“በእግር ነው ወይስ በመኪና?” አለችው።

ጥቂት አሰብ አደረገና “ሲያልቅ ነው” አላት።