ጅሬን ለእንግዳ፣ ሂርማታ ለዶዘር

የጅማ ልጆች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እንግዳ ሲመጣባችሁ የት ነው የምትወስዱት? ጅሬን። ኮረብታው ላይ ታወጡታላችሁ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ታስጎበኙታላችሁ፣ ከእንጨቱ በረንዳ ሥር ፎቶ ታነሱታላችሁ፣ ከዚያ ወርዳችሁ ቡና አጠጥታችሁ ትሸኙታላችሁ። ሌላ የምታሳዩት የላችሁም። እንዳይኖራችሁ ያደረጋችሁት ደግሞ የሂርማታ አሮጌ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ ዝም ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

አትቆጡ። እኔም ከናንተው ጋር ነኝ፤ የራሴን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ጅሬን ከሰማይ ዱብ አላለም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ሲነግሡ፣ ለምኒልክም በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦር ሲያድኑ፣ ጓዳቸውን የሞላው ከታች ሜዳው ላይ የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበሬው ቡናውንና እህሉን ተሸክሞ ይወርዳል፤ ሲራራ ነጋዴው ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመጣል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ልጆቻችንን ጅሬን ስናወጣ ስለ ንጉሡ ግርማ እናወራላቸዋለን፤ በገመድ ታስሮ ስለተሸጠው ሰው ግን ትንፍሽ አንልም። ምናልባት ሂርማታ ሲፈርስ ዝም ያልነው ለዚህ ይሆን? እንጃ። ቤተ መንግሥቱ ግን የዚያ ገበያ ልጅ ነው፤ እናቱን ረስታችሁ ልጁን ብቻ ታሞግሳላችሁ።

አሮጌ ቤት ሲፈርስ ዝም የምትሉበት ሌላው ሰበባችሁ ደግሞ «ይሄማ የጣሊያን ነው፣ ይፍረስ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ጣሊያን ከ1929 እስከ 1933 ጅማን የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። ፈረንጅ አራዳ የምትባለው ሰፈራችንም ስሟን በከንቱ አላገኘችም። የቤቶቹን ንድፍ የነደፈው ጣሊያን ነው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ግድግዳውን ያቆመው ግን የማን አያት ነው? ጣሊያን ከሄደ 80 ዓመት አልፎታል። በነዚያ ቤቶች ሥር ዝናብ የተጠለልነው፣ ሲኒማ ያየነው፣ ደመወዝ የተቀበልነው፣ የተዳርነው እኛ ነን። አምስት ዓመት ላልሞላው ወራሪ ቤቱን አስረክባችሁ የራሳችሁን 80 ዓመት ትጥላላችሁ? ይህ አርበኝነት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

አሁን የራሴን። አባቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ሥሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ የእንጨት ቤት ነበራቸው። መዝጊያው ስምንት ሳንቃ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እየነቀልን ግድግዳው ላይ እንደረድረዋለን። እርሳቸው ሲያርፉ እኔ የብረት በር አስገባሁና ሳንቃዎቹን ለማገዶ ነጋዴ ሸጥኩ። በስንት እንደሸጥኳቸው አትጠይቁኝ፣ አፍራለሁ። ልጄ አንድ ቀን «አያቴ ሱቅ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የማሳያት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም። ጅሬንን ግን በስልኬ አርባ ጊዜ አንስቼዋለሁ።

እናንተስ? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የአያታችሁን በርጩማ ለጎብኚ ሸጣችሁ ፕላስቲክ ወንበር የገዛችሁ ስንት ናችሁ? በ1940ዎቹ አጋማሽ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን አንዱ ሥር መሆኑን ለልጆቻችሁ የነገራችሁስ?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካት ይከለክላል። ያልተመዘገበን ቤት ግን ማን ቅርስ ብሎ ይከራከርለታል? ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» ትላላችሁ። የሚፈርሰው ቤት ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ቆማችሁ ታያላችሁ። ዶዘሩ ጨርሶ ሲወጣ ነው ፌስቡክ ላይ «ታሪካችን!» ብላችሁ የምትጮኹት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከተማው አይታደስ አላልኩም። የአወይቱ ወንዝ ይጽዳ፣ መንገዱም ይስፋ፤ ማን ይጠላል? ስድስት አሮጌ ቤት ካለበት ሰፈር አንዱን ማትረፍ ግን መንገድ አይዘጋም። የማይተርፈውንም ቢሆን ከመፍረሱ በፊት መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ «ማን ሠራው? ማን ኖረበት?» ብሎ ሽማግሌ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። የሚያውቁት ሰዎች በየሳምንቱ እየተቀበሩ ነው።

የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሂርማታ እገኛለሁ። ሜትርና ደብተር ከኔ ነው፣ ስልክ ከናንተ። ከገበያው ጀምረን ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግር እንወጣለን፤ የቆመውን እንጽፋለን። አያት ያላችሁ፣ መራመድ ከቻሉ ይዛችኋቸው ኑ፤ ካልቻሉ ቤታቸውን ንገሩኝ፣ እኔው እመጣለሁ።