ሕሊናዬ አይፈቅድም

እሁድ ዳላስ ውስጥ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቶናው እንደቀረበ ወሬው ወደ ልጆች ትምህርት ቤት ዞረ። አንዷ እናት እየሳቀች፣ «እኔ ልጄን አላስከትብም፤ ፎርም ሞልቼ ተገላገልኩ» አለች። ለካ ቴክሳስ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ክትባት «ሕሊናዬ አይፈቅድም» ብሎ ፈርሞ መተው ይቻላል።

ሕሊና! ፈንዲሻ ልትዘግን እጇን ስትዘረጋ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። እኔም አለኝ፣ ቡና የምትቀዳውም አላት። ይህችንም እናት እናቷ አዝላ ወስዳ ነው ያስወጋቻት።

ምነው ስላት ስልኳን አወጣች። ቲክቶክ። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል አሉ። ይህን ወሬ በፈረንጆቹ 1998 የጀመረው እንግሊዛዊ ሐኪም ጽሑፉ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፣ እሱም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ቪዲዮው ላይ ይሄ የለም። አሜሪካ ኩፍኝን አጠፋሁ ያለችው በ2000 ነበር። በ2025 እዚሁ ቴክሳስ፣ በምዕራቡ በኩል፣ ከ760 በላይ ሰው በኩፍኝ ታመመ። ያልተከተቡ ሁለት ልጆች ሞቱ።

አያቴ፣ «ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ ልጄ አትበይ» ትል ነበር። ሦስት ቀብራለች።

ጎጃም ያለችው የአጎቴ ልጅ ሕፃኗን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ጤና ኬላ ስትደርስ «ክትባቱ አልቋል፣ ሐሙስ ነይ» ተባለች። ሐሙስም ሄደች። ካርዱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው። የኩፍኙ አንዱ በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በዐሥራ አምስት ወር፤ በቃሏ ታውቀዋለች። አገር ቤት ሁሉም እንደሷ ነው አልልም። አንድም ክትባት ያላገኙ ሕፃናት ከሚበዙባቸው አገሮች አንዷ እኛው ነን። ጦርነት አለ፣ ርቀት አለ። ሕሊናዬ ብላ የቀረች ግን እስካሁን አልገጠመችኝም።

እዚህ ቀኑ ሲደርስ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል። ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ እንኳ ክትባቱ በነፃ ነው። ነርሷ ልጁን ተለጣፊ ሥዕል ሰጥታ ነው የምትሸኘው። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልን? እስክስታ ይውረዱልን?

ይህን ሁሉ እዚያው ተናገርኩት፤ ድምፄም ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ «ኧረ በረካውን ጠጡ» ብላ ገላገለችን። ባለፈው እሁድ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ነበር አሉ። ለእኔ የደወለልኝ የለም።