ጻድቁ ማጭድ

ሥራና ቤተ ክርስቲያን አልጣጣም አለኝ የሚል ሰው ካለ አዳማ ዳርቻ ይምጣ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች ይሄን ጥያቄ ከፈቱት ቆይተዋል። በዓል በሆነ ቁጥር ማጭዱን ሰቅሎ መቀመጥ ነው። በቃ።

በተለይ ኅዳር ላይ ኑ። ጤፉ ደርሷል፣ ወርዷል፣ ትንሽ ከቆየ መርገፍ ይጀምራል። ቅዱሳኑ ደግሞ በዚሁ ወር አይጠፉም። 5 አቦ ነው። 6 ቁስቋም። 7 ሥላሴ። 12 ኅዳር ሚካኤል። 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ጽዮን፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ 27፣ 28 እና 29 ተከታትለው ይመጣሉ። ቅዳሜና እሑድን ጨምሩበትና ለጤፉ የተረፈውን ቀን ራሳችሁ ቁጠሩት።

ጎረቤታችን ጋሼ ከነዚህ አንዱንም አይሽሩም። እንዲህ ያለ ጽናት የትም አላየሁም። አንድ ካህን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አሉ፣ የእመቤታችን 33ቱ አሉ፣ የወር በዓል ሁሉ ግን እኩል አይደለም» ቢሏቸው ጋሼ በትሕትና አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ማጭዱን እዚያው ተሰቅሎ ተዉት። ከካህኑ በላይ መጽደቅ ይሉሃል ይሄ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም አይቀሩም። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ይደርሳሉ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ሦስቴ አማትበው ይሳለማሉ። ከዚያ ወደ ድራፍት ቤት። ድራፍት የጾም ነው፣ ማንም አይናገራቸውም። ሌሊት ተነስተው ኪዳን የሚያደርሱት፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቆሙት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ተመልሰውም ውሃ ይቀዳሉ፣ ይጋግራሉ፣ ለማኅበሩ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ቡናውን ያፈላሉ። ይሄ ሥራ አይደለም ታዲያ። ሥራ ማለት ማጭድ ያለበት ነው።

እንዲያው በግምት እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ዘፀአት ምዕራፍ 20ን በቃላቸው ነው የሚወጡት። በሰንበት እንዲያርፉ የታዘዙት ተዘርዝረዋል፤ አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ። ሚስት የለችበትም! ስንቱ ሊቅ ሳያያት ያለፋትን ቀዳዳ ጋሼ አገኟት። በሬዎቹ በደስታ ያርፋሉ፣ እትዬ ይጋግራሉ። እዚያው ከፍ ብሎ «ስድስት ቀን ሥራ» የሚል መስመር አለ፤ እሱ እሳቸው ዘንድ ባለው መጽሐፍ ላይ ሳይታተም የቀረ ይመስለኛል።

ልጆቹስ? ትምህርት ቤት የወር በዓል አያውቅም፣ ሄደው ተምረው ይመጣሉ። ማታ ትንሹ ደብተሩን ይዞ «አባዬ ይቺን አሳየኝ» ሲላቸው «ዛሬ እኮ በዓል ነው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ ስሌት ማስረዳት ያደክማል።

ሽንኩርቱ ላይ ነው ደግሞ ሊቅነታቸው የሚታየው። በገብርኤል መኮትኮት ኃጢአት ነው። በገብርኤል የውሃ ተራ ቢደርስም ፓምፑ አይነሳም፣ ተራው ለጎረቤት ያልፋል። ደላላ ደውሎ ጥሩ ዋጋ ከተናገረ ግን አይሱዙው በዚያው በ19 መጥቶ ይጫናል። የሚያወጡትም የሚጭኑትም የቀን ሠራተኞች ናቸው። «እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ አይከለክላቸውም» ይላሉ ጋሼ። ብሩን የሚቆጥሩት ራሳቸው ናቸው፣ ቀስ እያሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ልክ መቁጠሪያ እንደያዘ ባሕታዊ።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ ያለወቅቱ ዝናብ መጣ። የጋሼ ጤፍ ግማሹ እንደቆመ ነበር፣ ግማሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ጠቆረ። ይሄ የመጣው ከምን ነው ተባለና ድራፍት ቤት ተሰብስበው አጣሩ። ብዙም አልፈጀም። ከማሳው ጫፍ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴትዮ በተክለ ሃይማኖት ስታጭድ ታይታለች። በዓል ሽራ ዝናብ አመጣችብን ተባለ። ሽማግሌ ይላክባት፣ ትቀጣ ተባለ። የሷ ጤፍ ቀድሞ ተከምሮ ሸራ ለብሶ ስለነበር ጠብታ አልነካውም። ጋሼ ይሄም አላስቸገራቸውም፤ «እግዜር የሚገርፈው የሚወደውን ነው» አሉ።

ዘንድሮ 13 እግዚአብሔር አብንም ሊጨምሩ ነው። እትዬ ለእሱም ጠላ ጠንስሰዋል።