ፍሮዶ ከሃዲ አይደለም

ስለ «የቀለበቶች ጌታ» ልብ ወለድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት እሳት ውስጥ ጥሎ ዓለምን አዳነ የሚል ነው። አልጣለውም። ስድስት ወር ተጉዞ፣ ተርቦና ቆስሎ፣ የተራራውን ዳገት ከፊሉን በአገልጋዩና በወዳጁ በሳም ጀርባ ታዝሎ እሳቱ አፋፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ቀለበቱ የእኔ ነው ብሎ ጣቱ ላይ አጠለቀው። ቀለበቱ የጠፋው፣ ሲመኘው የኖረው ጎለም የፍሮዶን ጣት በጥርሱ ቆርጦ ወስዶ፣ በደስታ ሲፈነድቅ እሳቱ ውስጥ ስለወደቀ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ከወጣ በኋላ አንድ አንባቢ ለደራሲው ለቶልኪን የቁጣ ደብዳቤ ላከ፤ ፍሮዶ እንደ ከሃዲ በሞት መቀጣት እንጂ መከበር አልነበረበትም የሚል። ቶልኪን በዚህ አልተስማማም። ፍሮዶ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ በዚያች ሰዓት የነበረውን ጫና ደግሞ ማንም ሊቋቋመው አይችልም የሚል ነበር አቋሙ። እኔም በሙሉ ልቤ ከደራሲው ጋር ነኝ።

የዚያን አንባቢ ዓይነት ፍርድ በደንብ እናውቀዋለን። አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ለዓመታት ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች ሴት አንድ ቀን ደክሟት ብትጮህ፣ ጎረቤት የሚያስታውሰው ጩኸቷን ነው።

ደግሞስ ጎለም እዚያ አፋፍ ላይ እንዴት ተገኘ? ከብዙ ዓመታት በፊት የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ በጨለማ ዋሻ ውስጥ አግኝቶት ነበር። ቢልቦ ቀለበቱን አድርጎ ስለተሰወረ አይታይም፤ ሰይፍ ይዟል፤ ጎለም መውጫውን ዘግቶ ተቀምጧል። መውጋት ይችል ነበር። ግን ብርሃን የሌለበትን፣ ተስፋ የሌለበትን የዚያን ፍጡር ዘመን አሰበና አንጀቱ ተላወሰ። በላዩ ዘሎ አለፈ። በኋላ ፍሮዶም ማረው፤ አጥብቆ የሚጠላው ሳም እንኳ እዚያው ተራራ ላይ ሰይፉን አንስቶ እጁ እንቢ አለው።

የሚገርመኝ ይህ የዋሻው ርኅራኄ በመጀመሪያው ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። የቢልቦን ታሪክ የሚተርከው የቶልኪን ቀዳሚ መጽሐፍ «ሆቢት» በ1937 ሲታተም ጎለም በእንቆቅልሽ ተሸንፎ ለቢልቦ መንገድ የሚያሳይ ነበር። ቶልኪን ትልቁን ታሪክ ሲጽፍ የቀለበቱ ትርጉም ከበደ፣ የድሮው ምዕራፍም አልገጥም አለ፤ እንደገና የተጻፈው ምዕራፍ በ1951 እትም ወጣ። ምሕረቱ ከሌለ መጨረሻው እንደማይቆም ሠሪው ራሱ ሲሠራ ያገኘው ይመስለኛል።

ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1916 በሶም ውጊያ የተሰለፈ፣ እስከ 1918 ድረስ ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉንም በሞት ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ይሆናል ፍሮዶን ሲመልሰው በእልልታ ያልመለሰው። የአገሩ ሰዎች ያደረገውን እምብዛም አያውቁለትም። ትከሻውን በጩቤ የተወጋበት ቀን፣ ኦክቶበር 6፣ በየዓመቱ ሲመጣ ቁስሉ ያገረሽበታል። አንድ ምሽት ሳም ወደ ክፍሉ ሲገባ ጌታው ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ሩቅ ቦታ ተተክሎ አገኘው።