እሳት ካየው ምን ለየው

ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ ያቺው የአሮጌ መኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ዞራ መጣች። ፎቶዋና ስልክ ቁጥሯ ይለያያል እንጂ ቃሏ የታወቀ ነው፤ «የ1972 ፎርድ ፒንቶ ረናባውት። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ቪ8 ሞተር ገብቶላታል። ብዙ ገንዘብ ፈሶባታል። ትንሽ ነገር ብቻ ይቀራታል። ዋጋዋን አውቃለሁ፤ ለመከራከር ያሰባችሁ አትድከሙ።» ከሥሯ ሦስት ፎቶ፦ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ ሦስተኛው የሻጩ አውራ ጣት። እናንተም አይታችኋታል፤ እናንተም አንጀታችሁ አሯል።

እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ለምስጋና ነው። ለሻጩ አይደለም፤ ሻጭ ምን ጊዜም ሻጭ ነው። ምስጋናዬ ይህን አንብቦ «ቀብዱን በምን ልላክልህ?» ለሚለው ጀግና ነው።

አዲስ አበባ ያለ ወገናችን ያገለገለች ቪትዝ ለመግዛት ሲነሳ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ ኮፈን ያስከፍታል፤ የዘይት ክዳኑን አንስቶ ሞተሩ ይተነፍስ እንደሆነ በመዳፉ ያያል፤ ላሜራውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ስቱኮ ይፈልጋል፤ ይህም አልበቃው ብሎ «እስቲ ከሥር ገብቼ ልያት» ይላል። ምን ዓይነት ፈሪነት ነው! የአሜሪካው ጀግናችን እኮ አምሳ ዓመት ያለፋትን፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቆርጦ የቀጠላትን፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስሟ የተጠራባትን መኪና ሊገዛ ሲል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «ወንድሜ፣ እስቲ ድምጿን ላክልኝ።» ድምጿ ይላክለታል። በቃ፣ ተማረከ።

ታሪኳን ለማያውቅ ባጭሩ እንንገረው፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፒንቶ የፎርድ ትንሽ መኪና ናት፤ ስትታቀድ ክብደቷ ከ2,000 ፓውንድ፣ ዋጋዋም ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ ተብሎ ነበር። ከ1970 መጨረሻ እስከ 1980 ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የነዳጅ ታንኳ የተቀመጠው በኋላው ዲፈረንሻልና በፓራውልቱ መካከል ነው። ከኋላ ስትገጭ ታንኩ ወደ ፊት ይገፋና ከዲፈረንሻሉ ጀርባ ያፈጠጡት ብሎኖች ይወጉታል፤ የመሙያው አንገት ደግሞ ከታንኩ ይነቀላል። አንድ ቀዳዳ ስትጠብቅ ሁለት ታገኛለህ፤ የፈሰሰው ነዳጅም ሊቀጣጠል ይችላል። በጁን 1978 ከ1971 እስከ 1976 የተሠሩ ፒንቶዎች ከእህቶቻቸው ከሜርኩሪ ቦብካቶች ጋር፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ፣ ለጥገና ተጠሩ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ በታንኩና በዲፈረንሻሉ መካከል የሚገባ የፕላስቲክ ጋሻ፣ ረዘም ያለ የመሙያ አንገትና የተሻለ ጎሚኒ። በኋላ ዘመን በእሳቱ የሞቱትን ቆጥረው «በዘመኗ ከነበሩት ሌሎች ትንንሽ መኪኖች ያን ያህል የባሰች አልነበረችም» ያሉ ምሁራን አሉ። ሻጫችን ከታሪኳ ሁሉ በቃሉ የያዘው ይህችን ብቻ ነው።

አሁን ወደምወዳት ምሳሌ ልግባ፤ «አደጋውን አስወግጃለሁ» የምትለዋ ፒንቶ። ባለቤቱ ታንኳ አደገኛ ነው ሲባል ሰማ። ብልህ ነውና ታንኩን አውጥቶ ጣለው። እሰየው! በምትኩ ፊውል ሴል የሚባለውን የእሽቅድድም ነዳጅ ሳጥን ገዛ። ዕቃው በራሱ ነውር የለበትም፤ ደህናው በውስጡ በቀላሉ የማይቀደድ ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ነዳጁን እንደ ስፖንጅ የሚይዝ ፎም አለው። እሱ የገዛው ግን ከረጢት የሌለውን፣ ፎም ብቻ የተጠቀጠቀበትን ርካሹን የፕላስቲክ ሳጥን ነው። የት አስቀመጠው? ረናባውት የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የዕቃ ቦታዋና የሰው መቀመጫዋ አንድ ቤት የሆነ መኪና ናት። እዚያው አስቀመጠው። ድሮ ነዳጁ ከወለል በታች፣ ከላሜራ ወዲያ ነበር፤ አሁን እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ ይሄዳል። እሽቅድድም ሜዳ ላይ በነዳጁና በነጂው መካከል የብረት ግድግዳ ካልቆመ አያስገቡህም። ግን ግድግዳ ቢቆም ስፒከሩ የት ሊገባ ነው? ስፒከሩ ባለ 12 ኢንች ነው። ሁለት ነው። ቪ8ቱ ከፊት ቦታውን ስለጨረሰው ባትሪውም ወደ ኋላ መጥቷል፤ ከነዳጁ ሳጥን ጎን። ሽፋን የለው፣ ማጥፊያ የለው፤ በላስቲክ ታስሯል። ከባትሪው ተነስቶ በምንጣፉ ሥር ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ የለውም፤ ላሜራውን የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ የለውም፤ በየጉድጓዱ ጥቂት ጥቂት እየተፋቀ ነው። የሳጥኑ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት፣ መኪናዋ ስትገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭም ሊኖረው ይገባ ነበር። ይኼኛው ወደ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው፤ ከቤተሰቡ ጋር። ፎሙ ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን ሲጠጣ ከርሞ እንደ ከረመ ድፎ ዳቦ ተፈርፍሯል፤ ፍርፋሪው ማጣሪያውን ይዘጋል፤ ማጣሪያው ሲዘጋ መኪናዋ ታንገራግራለች፤ ስታንገራግር ባለቤቱ «ካርቦራተሯ ትንሽ መስተካከል ይፈልጋል» ይላል። ትንሽ ነገር ይቀራታል ያለው ይህን ነዋ! ቤንዚን ስትሞላ ደግሞ በሯ ተከፍቶ፣ የማደያው አፍንጫ በምንጣፉ ላይ ተሻግሮ ነው፤ ሲወጣ ይንጠባጠባል። ለሽታው መላ ተገኝቷል፤ ከመስታወቱ የጥድ ቅርጽ ያለው ሽቶ ተንጠልጥሏል። እና በሁለቱም ጎኗ፣ ማሪያምን፣ ቀይና ቢጫ የእሳት ነበልባል ተስሎባታል።

እሳት ካየው ምን ለየው ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ይቅርብኝ። በኦገስት 10 ቀን 1978 ኢንዲያና ውስጥ አንዲት የ1973 ፒንቶ ከኋላ በቫን ተገጭታ ሦስት ልጃገረዶች በቃጠሎ ሞቱ። ሁለቱ 18፣ አንዷ 16 ዓመቷ ነበር። የጥገናው ጥሪ ከታወጀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ደብዳቤው ቤታቸው አልደረሰም። ፋብሪካው በግድየለሽነት ሰው በመግደል ተከሶ በ1980 ነፃ ተባለ። ያቺ የፕላስቲክ ጋሻ እንዲህ ባለ ዋጋ የመጣች ናት። ታዲያ አንዱ ይነሳና ጥንድ ማርሚታ ሲያሳልፍ «መንገድ ዘጋችብኝ» ብሎ ጋሻዋን በመጋዝ ይቆርጣታል። ቆርጦ ራሱ ቢነዳት እሺ፤ ይሸጣታል። ልጆቹን ከኋላ ለሚያስቀምጥ ሰው ይሸጣታል፤ ስለ ጋሻዋም ትንፍሽ አይልም። ምን እንደሆነች ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አውቋት ነው የቆረጣት። ነውር ነው። ይሉኝታ የሌለው ነውር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ገዢያችን ከሥር ባይገባ አይፈረድበትም፤ ልብስ ይቆሽሻል። ቢገባ ኖሮ በእጅ ባትሪ አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ጋሻዋ አለች ወይስ የለችም? የመሙያው አንገት ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል ወይስ ይዟል? ዲፈረንሻሉ ከጀርባው በብሎን የታሰረ ክዳን ካለው ባለ 6.75 ኢንቹ ነው። በ1971 ትንሿ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር 75 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ለእሷ ዓይነቷ ይህ ዲፈረንሻል ይበቃል፣ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሲጫንበት ግን ይሰበራል። ጀርባው ድፍን ሆኖ አንጀቱ በፊት በኩል የሚወጣ ከሆነ ጠንካራው ባለ 8 ኢንች ነው፤ ታንኩን የሚወጋ የክዳን ብሎንም የለውም። «ብዙ ገንዘብ ፈሶባታል» የተባለው ገንዘብ ግን እዚህ አልደረሰም፤ ቸርኬው ላይ ቀርቷል። ፍሬኑም ያው የድሮው ነው፣ ለ75 ፈረስ የታሰበው። መሄዷን እንጂ መቆሟን ማን ጠየቀ?

ሻሲ የሌላት፣ አካሏ ራሱ የሚሸከማት መኪና ስለሆነች ሞተሩ ሲጎትት ሁለመናዋ ይጠመዘዛል። የበሩን ክፍተት ከላይና ከታች ማወዳደር ነው፤ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ጠማማ ናት። ማግኔት በወለሉ ዳርና በኋላ ጎማ ቅስት ላይ ማስኬድ ነው፤ የማይዝ ከሆነ ያ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ፒንቶ ማለት ዝንጉርጉር ፈረስ ማለት አይደል? ዝንጉርጉርነቷን ስቱኮው አሟልቶላታል።

በትንሹም ቢሆን አስተውሎ ሞተሯን የቀየረ አለ፤ እሱን አልዘልለውም። ከ1980ዎቹ የፎርድ መኪና፣ ከተንደርበርድ ቱርቦ ኩፕ የወጣው ባለ 2.3 ሊትር ቱርቦ ፒንቶ ራሷ ከ1974 ጀምሮ ከያዘችው ሞተር ጋር አንድ ዘር ነው፤ ክብደቱም ከቪ8 ይሻላል። ችግሩ ነዳጁ ጋ ነው። የካርቦራተር ፓምፕ የሚገፋው በ5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ነዳጁን በግፊት የሚረጨው የቱርቦው ኢንጀክሽን ደግሞ ወደ 39 ይፈልጋል። ባለሙያው ፓምፑን ቀይሮ ቱቦውን ይረሳዋል። ቱቦው ላይ 30አር7 ከተጻፈ የካርቦራተር ነው፤ ለኢንጀክሽን 30አር9 የሚለው ነው የሚገባው፣ ማሰሪያውም ጎማውን የማይቆርጥ ዓይነት መሆን አለበት። የረሳው ቱቦ ላብ ላብ ይለዋል። ላቡ የሚንጠባጠበው ደግሞ የጋለው ቱርቦ ላይ ነው።

ዘመኗንም ቪን የሚባለው መለያ ቁጥሯ ይናገራል፤ አሥራ አንድ ፊደልና አኃዝ፣ የመጀመሪያው ዓመቷ፣ አምስተኛው የፋብሪካ ሞተሯ። ኤክስ 2.0፣ ዋይ 2.3፣ ዜድ ቪ6። «የ1972» የተባለችው በ4 ከጀመረች የ1974 ናት። ያን ማንበብ የኮሌጅ ትምህርት አይጠይቅም፤ ቢሆንም ጀግና አያነብም።

ቨርጂኒያ ለሚኖረው ጀግናችን ደግሞ መንግሥትም አብሮት ነው። 25 ዓመት የሞላት መኪና የአንቲክ (የጥንት መኪና) ሰሌዳ ከወጣላት ዓመታዊው ምርመራ አይመለከታትም። ሕጉ ያሰበው ለኤግዚቢሽንና ለእሁድ ሽርሽር ነው፤ እኛ የተረዳነው ግን «ማንም ከሥር ገብቶ አያያትም» በሚል ነው። ለጋሻ ቆራጩም የምሥራች ነው።

እናም ቀኑ ይደርሳል። ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቷ) ይፈረማል፣ ጀግናው መሪዋን ጨብጦ ትንሽ ያሸታል።

«ወንድሜ፣ ቤንዚን ቤንዚን አይልም?»

«ክላሲክ ናት እኮ ጌታዬ! ሁሉም ይሸታል። መስኮቱን ዝቅ አድርገው።»

መስኮቱ ግማሽ ድረስ ወርዶ ይቆማል።