ማስተካከያ፦ ስለ አልቫሬዝ የጉዞ መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ስለገዛሁት፣ የፖርቱጋላዊው ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ።

«በ1881 የታተመ የመጀመሪያ እትም ነው» ብዬ ነበር። አይደለም። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1540 ሊዝበን ላይ፣ በፖርቱጋልኛ ነው። 1881 የእንግሊዝኛው ትርጉም ለንደን ላይ የታተመበት ዓመት ነው። የእኔው ቅጂ ደግሞ የዚያ ትርጉም ዳግም ኅትመት ሆኖ ተገኘ። የርዕስ ገጹን ብቻ አይቼ ቸኮልኩ። ጀርባውን ገልጬ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተጽፎ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ የምትሰበስቡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ያቺን ገጽ አንብቡ። የዋጋው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ አልቫሬዝ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከፖርቱጋላዊው መርከበኛ ከቫስኮ ዳ ጋማ ጋር ነው ብዬ ነበር። ይህም ስህተት ነው። ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰው በ1498 ነው። አልቫሬዝ ምጽዋ የወረደው በ1520፣ በዲዮጎ ሎፔስ ደ ሴኬይራ መርከቦች ነው። በ1541 የመጣው የዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን ግን አሁንም እወደዋለሁ። የኛን ላሊበላ በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎም ሰግቷል። ስህተቴን ላመለከታችሁኝ የደሴና የወልድያ አንባቢዎች ከልብ አመሰግናለሁ።